አጃቢ አስማተኛ ስንት መስመር ይበቃዋል? ለጌም ማስተሮች የንጽጽር መመሪያ

ለሚቀጥለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታችሁ አጃቢ አስማተኛ፣ ማለትም ተጫዋች ሳይሆን ጌም ማስተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው አስማተኛ፣ እያዘጋጃችሁ ከሆነ፣ መልሴን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። ለአጃቢ አስማተኛ የሚጻፈው ዝርዝር በኃይሉ ልክ መሰፈር የለበትም። የሚሰፈረው በተጫዋቾቹ ፊት ስንት ጊዜ ምርጫ ይገጥመዋል በሚለው ነው። ተራራ የሚያናውጥ ጠቢብ አንዴ ብቻ ታይቶ የሚያልፍ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃዋል። ሁለት ድግምት ብቻ የሚያውቅ ጀማሪ ግን ከቡድኑ ጋር አገር ላገር የሚዞር ከሆነ፣ ከጠቢቡ ይልቅ ለእሱ ይጻፍለታል።

ይህን የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ለሚጫወቱ፣ ከእነሱም ውስጥ ጌም ማስተርነቱ ለደረሳቸው ነው። ለጀማሪ ያህል፣ በእነዚህ ጨዋታዎች እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ የቀረውን ዓለም፣ ባለሱቁንም ዘበኛውንም ጭራቁንም፣ ወክሎ የሚናገረው ጌም ማስተሩ ነው። ከአጃቢዎቹ ሁሉ ጊዜ የሚበላው አስማተኛው ነው። ወታደር ብታዘጋጁ መሣሪያውን፣ የመከላከያ ቁጥሩንና የሕይወት ነጥቡን ጽፋችሁ ትነሣላችሁ። የአስማተኛ ድግምት ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው፤ ርቀቱ፣ ቆይታው፣ የሚጠይቀው ዕቃ ይለያያል። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ በሆነው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ከ300 በላይ ድግምቶች አሉ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጊዜው ጠባብ ነው። ከተጫዋቾቹ ገሚሱ ተማሪ፣ ገሚሱ ሠራተኛ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ካለ ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ፣ ሳይመሽ ተመልሶ መውረድ አለበት። ከሰላምታውና ከቡናው በኋላ ለጨዋታው ሦስት ሰዓት ከተረፈ ጥሩ ቀን ነው። ከዚያ ላይ ጌም ማስተሩ ስልኩን እየገለበጠ ድግምት ሲፈልግ የሚያልፈው ጊዜ ከተጫዋቾቹ ጨዋታ ላይ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ምን እንጻፍ፣ ምን እንተው የሚለው ጥያቄ ለእኛ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ሠሪዎቹ ራሳቸው አልቆረጡም

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን እጅ በ1974 ከወጣ ጀምሮ ለአጃቢ አስማተኛ የሚሰጠው ዝርዝር ሲሰፋና ሲጠብ ኖሯል። በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም አጃቢውን በተጫዋቹ ሕግ ይሠራው ነበር፤ ክህሎቱ፣ ልዩ ችሎታው፣ ለእያንዳንዱ ስሎት (በቀን ውስጥ አንድ ድግምት ለመደገም ላለው ዕድል) ያዘጋጀው ድግምት ሁሉ ይቆጠርለታል። በ2008 አራተኛው እትም ተቃራኒውን ያዘ። ጌም ማስተሩ ለሚያንቀሳቅሳቸው ፍጡራን ጥቂት ኃይሎች ብቻ ያሉት አጭር ሠንጠረዥ ተሰጣቸው፤ 1 የሕይወት ነጥብ ብቻ ያላቸው፣ በአንድ ምት የሚወድቁ ጀሌዎችም መጡ። በ2014 አምስተኛው እትም ረጅሙን የድግምት ዝርዝር መለሰው። ከ2022 ወዲህ በወጡት መጻሕፍት ደግሞ እንደገና አጠረ፤ የስሎት ቆጠራው ቀርቶ ይህን በቀን ሁለቴ፣ ያንን በቀን አንዴ በሚል ተተካ።

ወደ አጭሩ መሄዳቸው ትክክል ነው እላለሁ። ሆኖም ያሳጠሩት የውጊያውን ክፍል ነው። ወዳጅ ሆኖ ስለሚመጣ አስማተኛ ግን ሠንጠረዡ ብዙ አይነግረንም። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ያለው እዚያ ስለሆነ ወደ ታች ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል

የ2014ቱን ሜጅ የተባለ ዝግጁ አስማተኛ እንውሰድ። ዘጠነኛ ደረጃ ነው፣ 40 የሕይወት ነጥብ አለው፣ ቀላሎቹን ጨምሮ 16 ድግምቶች ተዘርዝረውለታል። አሁን አምስተኛ ደረጃ የደረሱ አራት ተጫዋቾች ገጠሙት እንበል። ባለ ትልቅ ሰይፍ ተዋጊ በዚህ ደረጃ በአንድ ተራ ሁለቴ ይመታል፤ የጉልበት ጭማሪው 4 ከሆነና ሁለቱም ምት ካረፈ በአማካይ 22 ነጥብ ያጎድላል። የቡድኑ አስማተኛ ፋየርቦል የተባለውን የእሳት ድግምት ቢወረውር አማካይ ጉዳቱ 28 ነው። ሌሎቹ ሁለት ተጫዋቾች እጃቸውን ሳያነሡ 40ው አለቀ።

ዕድል ረድቶት፣ ርቀቱንም ጠብቆ ሦስት ዙር ቆየ እንበል። ዙር ማለት በጨዋታው ዓለም 6 ሴኮንድ ነው። በሦስት ዙር ሦስት ድግምት ይደግማል፤ በመሀል ራሱን ለመከላከል አንድ ሁለት ይጨምራል። ከ16ቱ 11ዱ ሳይነኩ አብረውት ይቀበራሉ። አርክሜጅ የተባለው አሥራ ስምንተኛ ደረጃ አስማተኛ 99 የሕይወት ነጥብና ከ20 በላይ ድግምት ይዞ ቢመጣም ነገሩ ያው ነው፤ በአንድ ተራ የሚወስደው ዋና እርምጃ አንድ ነው። ኃይሉ ሲጨምር የምርጫው ብዛት አብሮ አይጨምርም። የሚጨምረው ጌም ማስተሩ የሚያነብበው ገጽ ነው።

አንድ መስመር ወይስ ካርድ

አብዛኛው ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ይመስለኛል። አንድ መስመር ስል ስም፣ በዓይን የሚታይ አንድ ነገርና አንድ ፍላጎት ማለቴ ነው። ለምሳሌ፦ «አያ ይመር፣ የሰኞ ገበያ አስማተኛ፤ ዣንጥላው በፀሐይም ውሃ ያንጠባጥባል፤ የጠፋችበትን በቅሎ ይፈልጋል።» ቁጥር የለም፣ ድግምት የለም። ተጫዋቾቹ መንገድ ሊጠይቁት፣ ወሬ ሊገዙት፣ በቅሎዋን ሊያገኙለት ይችላሉ። ዣንጥላው ብቻውን አስማተኛ መሆኑን ይናገራል፤ ምን ምን ያውቃል የሚለውን ማንም ካልጠየቀ መልሱ አያስፈልግም።

ካርድ ስል ደግሞ አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ተቆርጦ የሚገኘውን ሩብ ገጽ ነው። እዚያ ላይ የሚሰፍረው የሚፈልገው፣ የማይችለው፣ አነጋገሩ፣ አራት ድግምት፣ ዋጋው፣ ነገር ሲበላሽበት የሚያደርገው ነው። ከዚህ አይበልጥም፤ በትልቅ ፊደል ከተጻፈ ደግሞ አይሞላም።

ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፤ ተጫዋቾቹ ወደዚህ ሰው ተመልሰው የሚመጡበት ምክንያት አለ ወይ? ካለ ካርድ፣ ከሌለ መስመር። የአስማተኛው ማዕረግ እዚህ ውስጥ አይገባም። የንጉሡ አማካሪ የሆነው ታላቅ አስማተኛ በአዳራሹ ጥግ ቆሞ አንዴ ብቻ ከተናገረ መስመር ነው። አዝዋ ገደል ጥግ ጎጆ ቀልሳ የምትኖረው እትዬ ዘሀራ ግን የተጫዋቾቹን ቁስል የምታይ፣ ዕቃቸውን የምትመረምር ከሆነች ካርዱ ለእሷ ነው።

በካርዱ ላይ ከሁሉ በፊት አነጋገሩን ጻፉ። ተጫዋቾች ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሱት የሕይወት ነጥብ ብዛትን አይደለም፤ ድምፅን ነው። እትዬ ዘሀራ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትመርቃለች፣ ምርቃቱም ረጅም ነው፤ የደነገጠውን ሁሉ «አብሽሩ፣ ገና አልመሸም» ትላለች። ቋንቋችን ለጌም ማስተር የሚሰጠው ሌላም ትልቅ ዕቃ አለ፤ የአክብሮት አጠራሩ። ለጦር አለቃው «አንተ» እያለ ለእረኛው ልጅ «አንቱ» የሚል አስማተኛ አንድም ድግምት ሳይደግም ማንነቱን አሳይቷል። ተጫዋቾቹም «አንቱ» ወይ «እትዬ» ብለው ሲጠሯት ወዲያው ከማን ጋር እንዳሉ ያውቁታል። ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይይዛል።

አራቱን ድግምት ስትመርጡ ከኃይል አትጀምሩ። የመጀመሪያው የምትታወቅበት ይሁን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው። ሁለተኛው ብትጠቃ የምትመታበት፣ ሦስተኛው የምታመልጥበት። አራተኛው ደግሞ ካልተገደደች በቀር የማትደግመው ይሁን፤ ታሪክ የሚወጣው ከእሱ ነው። ተጫዋቾቹ አምስተኛ ቢጠይቁ «ይህን አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ» ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ሲባል አንድ ካርድ ሌላ ካርድ ይወልዳል።

አንድ ጥንቃቄ ላስገባ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ጠረጴዛ ከብቦ ይጫወታል። ስለዚህ ለአስማተኛ ካርድ ሼህ፣ ቄስ፣ ደብተራ የሚል ማዕረግ አልሰጥም፤ በእውን ከሚከበር ሰው ወይም ቤተ እምነት ጋርም አላያይዝም። አያ፣ እትዬ፣ ጋሽ የሚሉት ለክብርም ለቅርበትም ይበቃሉ፣ ጨዋታውም የማንንም ልብ ሳይነካ ይሄዳል።

ዝግጁ ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው መቼ ነው

ጠብ እንደሚነሣ ስታውቁ። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግጋት በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቀዋል፤ ሜጁም አርክሜጁም እዚያ ውስጥ አሉ። ስልክ ላይ አውርዶ የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም ይቻላል፣ ፈቃዱም ይፈቅዳል። መብራት ሲሄድ፣ የስልክ ባትሪም ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀራል።

ከካርድ ጋር ሲነጻጸር የሠንጠረዡ ጥቅም ቁጥሩ ተፈትኖ የተቀመረ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የትኛውን መቼ እንደምትጠቀሙ አለመንገሩ። ስለዚህ ታትሞ በእጃችሁ ሲገባ በእስክሪብቶ ሦስት ነገር ምልክት አድርጉበት፤ በመጀመሪያው ተራ ምን ያደርጋል፣ በሁለተኛው ምን ያደርጋል፣ ስንት ነጥብ ሲቀረው ይሸሻል። ለሜጁ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው አይስ ስቶርም የተባለው የበረዶ ድግምት፣ በሁለተኛው ፋየርቦል፣ ነጥቡ ከ15 ሲያንስ ሚስቲ ስቴፕ ተጠቅሞ 30 ጫማ ወይም 9 ሜትር ያህል ተስፈንጥሮ ማምለጥ። ሜጅ አርመር የተባለው የመከላከያ ድግምት ለ8 ሰዓት ስለሚቆይ ከውጊያው በፊት እንደተደገመ ቁጠሩት፤ የመከላከያ ቁጥሩ ከ12 ወደ 15 ይወጣል፣ አንድ ተራም አይባክንም።

ሌላው ምልክት ሊደረግበት የሚገባው ኮንሰንትሬሽን፣ ማለትም ሳያቋርጡ ማተኮርን፣ የሚጠይቁት ድግምቶች ናቸው። አስማተኛ በአንድ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚችለው፤ ሲመታ ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። ከሜጁ ዝርዝር አራቱ እንዲህ ናቸው፤ አስማት የሚለየው፣ ሰውን በቃል የሚያግባባው፣ የሚያበርረውና ከዓይን የሚሰውረው። አየር ላይ እየበረረ ተሰወረ ብሎ የሚያጫውት ጌም ማስተር ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ተሰውሮ በሚበርበት ሰዓት አንዱ መቋረጥ አለበት፣ ከበረራው ከጀመረ ደግሞ ይወድቃል። ይህን አስቀድሞ ያሰመረ ሰው ውጊያው መሀል አይደናገርም።

ወዳጅ አስማተኛ ከጠላቱ ይበልጥ ይጻፍለት

ብዙ ጌም ማስተሮች ምሽቱን ሙሉ ለጠላቱ ሲጽፉ ያመሻሉ፤ ወዳጁን ግን በአንድ ቃል ያልፉታል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ጠላቱ በሦስት ዙር ውስጥ ወይ ይሞታል ወይ ይሸሻል። ወደ ወዳጁ ግን ተጫዋቾቹ በየሳምንቱ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ቀለበት መርምሩልን፣ የጠፋውን ሰው ፈልጉልን፣ ወደዚያ ከተማ አሻግሩን። በመጨረሻም ሁሉም ቡድን የማይቀረውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ «አንቱ ይህን ያህል ኃይል ካለዎ ለምን ራስዎ አይሄዱም?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ወዳጅ አስማተኛ ታሪኩን ያበላሻል። «ሥራ በዝቶብኛል» የሚል ከሆነ ተጫዋቾቹ አያምኑትም። አብሯቸው ከሄደ ደግሞ ጀግንነቱን ይወስድባቸዋል። መልሱ ከራሱ ከአስማቱ ሕግ ሲወጣ ግን ማንም አይከራከርም።

ደስ ከሚሉኝ መልሶች አንዱ ቴሌፖርቴሽን ሰርክል ከተባለው የአምስተኛ ደረጃ ድግምት የሚወጣው ነው (የድግምት ደረጃ ከአስማተኛው ደረጃ የተለየ ቆጠራ ነው)። ድግምቱ ሩቅ አገር ወዳለ ቋሚ ክበብ የሚያሻግር በር ለአፍታ ይከፍታል። በሕጉ መሠረት አንድ ሰው በአንድ ቦታ ላይ ይህን ድግምት በየቀኑ ለአንድ ዓመት ከደገመ፣ በዚያ ቦታ የራሱን ቋሚ ክበብ ያቆማል። እያንዳንዱ ድግምት 50 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ጠመኔና ቀለም ይበላል። ለ365 ቀን ሲሰላ 18,250 ወርቅ ነው። ዘጠነኛ ደረጃ ያለ አስማተኛ ደግሞ የአምስተኛ ደረጃ ስሎት ያለው በቀን አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ኃይሉን በየቀኑ ለክበቡ ይከፍላል።

አሁን ጋሽ እንድሪስን አስቡት። ከጦሳ ሥር ባለች፣ ደሴን በምትመስል የጨዋታው ከተማ ውስጥ ይኖራል። የቆላው የአሞሌ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ክበብ እንዲያቆምላቸው ተዋውለውታል። ስምንተኛ ወሩ ላይ ነው። አንድ ቀን ካለፈው እንደ አዲስ ይጀምራል፣ የነጋዴዎቹም ገንዘብ በልቶ የቀረ ይባላል። በካርዱ ላይ የጻፍኩት «ስምንተኛ ወር፣ ክበብ» የሚል ብቻ ነው፤ ከዚያ ግን ስንት ነገር ይወጣል። ከከተማ የማይወጣው ለዚህ ነው። ዕቃ ሲመረምር ዋጋ የሚያስከፍለው ጠመኔው ስለሚያልቅበት ነው። ፋየርቦል መወርወር ይችላል፣ በአምስተኛ ደረጃ ስሎቱ የሚወረወረውን ግን እምቢ ይላል። በቅሎ የሚያከራዩት ሰዎች ክበቡ ካለቀ ከሥራ ውጭ ስለሚሆኑ ይጠሉታል። ታሞ የተኛ ቀን ደግሞ ተጫዋቾቹ እሱን ደግፈው ወደ ክበቡ ማድረስ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ብቻውን የአንድ ቀን ጨዋታ ነው።

ከገጽ ሙሉ የድግምት ዝርዝር ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ እገዳ የበለጠ ያጫውታል። ዝርዝሩ ምን እንደሚችል ይነግራል፤ እገዳው ግን ሲቸገር ምን እንደሚመርጥ ይናገራል። ቴሌፖርቴሽን ሰርክል ካልተስማማችሁ ሌላ ፈልጉ። አይደንቲፋይ የተባለው ዕቃ መመርመሪያ ቢያንስ 100 ወርቅ የሚያወጣ ዕንቁ ይጠይቃል፤ ዕንቁው አያልቅም፣ ግን ከሌለ ድግምቱ የለም። ዕንቁዋን ለልጇ ጥሎሽ የሰጠች አስማተኛ ጥሩ ካርድ ይወጣታል።

የድግምቱ መጽሐፍ

ከተጫዋቾቹ አንዱ አስማተኛ ከሆነ ይህን ክፍል አትዝለሉት። አጃቢው አስማተኛ ቢሞትም ቢወዳጅም የሚመጣው ጥያቄ «መጽሐፉ ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ነው። በ2014 ሕግ አንድን ድግምት ከሌላ ሰው መጽሐፍ ለመቅዳት ለእያንዳንዱ የድግምቱ ደረጃ 2 ሰዓትና 50 ወርቅ ይጠይቃል። ፋየርቦል ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ስለዚህ 6 ሰዓትና 150 ወርቅ። ለዚያ ተጫዋች መጽሐፉ ከማንኛውም ሀብት ይበልጣል።

በሕጉ መሠረት አስማተኛ በ6 ድግምት ጀምሮ በየደረጃው 2 ይጨምራል፤ ዘጠነኛ ደረጃ ሲደርስ መጽሐፉ ውስጥ ቢያንስ 22 አሉ ማለት ነው። ሃያ ሁለቱን መጻፍ አያስፈልግም። አምስት ጻፉ፤ ሁለቱ ተጫዋቹ ሲመኛቸው የሰማችኋቸው፣ ሁለቱ ማንም ያላሰባቸው፣ አንዱ ገጹ ተቀዶ በግማሽ የቀረ። የቀሩትን ከጨዋታው በኋላ ከነፃው ሰነድ ላይ ከተጫዋቹ ጋር ተቀምጣችሁ መምረጥ ይቻላል። የመጽሐፉን መልክ ግን አትርሱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዶ የብራና መጽሐፍ ያየ የእኛ አገር ተጫዋች፣ በቆዳ ማኅደር ተከቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መጽሐፍ ሲባል ወዲያው ይታየዋል፤ ጠርዙ ላይ በሌላ እጅ የተጨመረ ጽሑፍ አለበት ስትሉት ደግሞ የሌላው እጅ የማን ነው ብሎ ይጠይቃችኋል።

ሙሉ ወረቀት

ለአጃቢ አስማተኛ እንደ ተጫዋች ሙሉ ወረቀት መሙላት የሚያዋጣው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከቡድኑ ጋር በየሳምንቱ የሚጓዝ ከሆነ። እዚያም ቢሆን በ2020 የወጣው የሳይድኪክ፣ ማለትም አብሮ የሚጓዝ ረዳት፣ ሕግ ይበልጣል። ስፔልካስተር የሚባለው ዓይነት ከተጫዋች አስማተኛ ያነሱ ምርጫዎች አሉት፣ ደረጃው ሲጨምር የሚለወጠውም ጥቂት ነው። ወረቀቱን ለአንድ ተጫዋች ስጡት፣ በውጊያ ጊዜ እሱ ያንቀሳቅሰው፤ ንግግሩን እናንተ ያዙ። ጌም ማስተሩ በአንድ እጁ ጠላቱን፣ በሌላው ወዳጁን ይዞ ከራሱ ጋር ዳይስ ሲጣጣል ተጫዋቾቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ዋናው ባላጋራ አስማተኛስ? ለእሱም ሙሉ ወረቀት ቀድማችሁ አትሙሉ። እስከ መጨረሻው ውጊያ ድረስ የሚያስፈልገው ዕቅድ ነው፤ ማንም ካላስቆመው በዚህ ወር ምን ያደርጋል፣ በሚቀጥለውስ። ቁጥሩ የውጊያው ሳምንት ይደርሳል።

ቁጥር የሌለው ታላቅ ሰው

አንዳንዱን አስማተኛ ማንም አይዋጋውም፣ ቤቱም አይገባም፤ ስሙ ብቻ አገሩን ይመራል። በ2013 የወጣው ሰርቲንዝ ኤጅ የተባለው ጨዋታ ይህን በግልጽ አድርጎታል። ዓለሙን የሚያንቀሳቅሱ 13 ታላላቆች አሉት፣ አንዱ አርክሜጅ ነው። የውጊያ ቁጥር አልተሰጣቸውም፤ በማዕረጋቸው ብቻ ይጠራሉ፣ የቀረውን እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ይሞላዋል። የተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያት ግን ከእነሱ ጋር ወዳጅነት ወይም ቂም አላቸው፣ ያም በዳይስ ይፈተናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚጻፈው ከማን ጋር እንደተጣላና ማን ዕዳ እንዳለበት ነው። ይህን ከሙሉ ወረቀት ጋር ሳነጻጽረው ቁጥር የሌለው ይሻላል እላለሁ፤ ቁጥር ያለው ሁሉ ሊገደል የሚችል መስሎ ይታያልና።

ሌላ ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ

በፌት ኮር፣ እሱም የ2013 ነው፣ አጃቢዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ ስም የለሽ፣ ደጋፊና ዋና። ክፍፍሉ ከላይ ከተናገርኩት መስመር፣ ካርድና ሙሉ ወረቀት ጋር ይቀራረባል፣ ስም የለሹን በጨዋታው መሀል ወደ ደጋፊ ማሳደግም ይፈቀዳል። አርስ ማጂካ ላይ ደግሞ አስማት በ5 የድርጊትና በ10 የነገር ዓይነት ይመደባል፤ ለአጃቢ አስማተኛ አሥራ አምስቱንም ቁጥር መስጠት አያስፈልግም፣ የሚታወቅበትን አንድ ድርጊትና አንድ ነገር ብቻ ብትሰጡት ያጫውታል።

አያ ይመር ከመስመር ወደ ካርድ የሚያድገው ተጫዋቾቹ በቅሎዋን ይዘውለት ሲመለሱ ነው። ያን ዕለት የዣንጥላው ውሃ ከየት ይመጣል ብለው ከጠየቁትና ጌም ማስተሩም ድንገት «ከሐይቅ ነው፣ ሐይቁ ያውቀኛል» ብሎ ከመለሰ፣ ያቺ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ናት። ተጫዋቾቹ ወደ ሚኒባሱ ከመሄዳቸው በፊት ካርዱ ላይ መስፈር አለባት፤ እስከ ቀጣዩ ሳምንት እናንተ ብትረሷት እነሱ አይረሷትም።